የተጣሉትን ስለ መጐብኘት፤ የዶሮቴያ ዲክስ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በመንገድ ስትሄድ ልብሱ የተቀዳደደ፣ ብቻውን የሚናገር ሰው ባየህ ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ብዙዎቻችን ወደ ማዶ እንሻገራለን፤ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት አይተንም ዝም ብለን እናልፋለን። ይህን የምናደርገው እርሱ ምንም አያውቅም፣ ምንም አይሰማውም ብለን በልባችን ስለምናስብ ነው። ይህን አሳብ ሰምታ አልቀበልም ያለች የአንዲት ሴት ሕይወት ልንገርህ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፍልህ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዶሮቴያ ዲክስ በሰሜን አሜሪካ ሜይን በሚባለው አገር ሀምፕደን በምትባል መንደር በ1802 ተወለደች። አባቷ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየዞረ የሚሰብክ ሰው ነበረ፤ ቤታቸው ግን ደስታ የራቀው ቤት ነበረ። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ወደ አያቷ ወደ ቦስተን ከተማ ሄደች። ገና በዐሥራ አራት ዓመቷ ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ካደገችም በኋላ በቦስተን አስተማረች፤ ለልጆች የሚሆን መጽሐፍም ጻፈች።

ነገር ግን ሰውነቷ ደካማ፣ ደረቷም ሕመም የማይለየው ነበረ። በ1836 ትምህርት ቤቷን ዘግታ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረች፤ በሊቨርፑል ከተማም ራትቦን የሚባሉ ደጋግ ሰዎች ተቀብለው አስታመሟት። በዚያ አገር ዊልያም ቱክ የሚባል የሻይ ነጋዴ ከወንድሞቹ ምእመናን ጋር በ1796 በዮርክ ከተማ አእምሮአቸው ለታወከ ሰዎች ቤት ከፍቶ ነበር፤ በዚያም ቤት ሕሙማኑ ያለ ሰንሰለት፣ በትዕግሥትና በመልካም ቃል ይያዙ ነበር። ዶሮቴያ ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ አያቷ ሞታ የምትኖርበት ገንዘብ ትታላት ነበር። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ በዕረፍት ልትቀመጥ ትችል ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም ነበር።

በመጋቢት ወር በ1841 ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አንድ የመንፈሳዊ ትምህርት ተማሪ ወደ እርስዋ መጣ። በቦስተን አጠገብ ባለው በምሥራቅ ካምብሪጅ ወኅኒ ቤት ለታሰሩት ሴቶች በእሑድ ቀን ቃለ እግዚአብሔር የምታስተምር ሴት እንድትፈልግለት ለመናት። እርስዋ ግን ሌላ ሰው አልላከችም፤ ራሷ ሄደች። ካስተማረችም በኋላ ወዲያው አልወጣችም፤ በወኅኒው ውስጥ እየዞረች ተመለከተች። በዚያም ምንም በደል ሳይኖርባቸው፣ አእምሮአቸው ስለ ታወከ ብቻ ከወንጀለኞች ጋር የተዘጉ ሴቶችን አገኘች። ክፍላቸው እሳት የሌለበት፣ ብርዱም እጅግ የጸና ነበር። ስለ ምን እሳት እንደማይነድላቸው ብትጠይቅ፣ እብዶች ብርድ አይሰማቸውም የሚል መልስ ተሰጣት።

ወዳጄ ሆይ፤ ይህን መልስ አስተውል። ይህ የክፉ ሰው መልስ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራ፣ የለመደ ሰው መልስ ነው። የወንድማችንን ሥቃይ ማየት ሲሰለቸን፣ እርሱ አይሰማውም ብለን ሕሊናችንን እናስተኛለን። ዶሮቴያ ግን እጇ በዚያ ክፍል ሲቀዘቅዝ የእነርሱም እጅ እንደሚቀዘቅዝ አወቀች። ነገሩንም ወደ ዳኞች አቀረበች፤ ለክፍሉም ምድጃ እስኪገባ ድረስ አልተወችም።

ከዚያም በኋላ ይህ በአንድ ወኅኒ ብቻ ይሆንን ብላ አሰበች። ሁለት ዓመት ያህል በማሳቹሴትስ ግዛት ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘች ወኅኒ ቤቶችንና ድኾች የሚጦሩባቸውን ቤቶች ሁሉ ጐበኘች፤ ያየችውንም በስፍራውና በቀኑ ጻፈች። ሰዎች በምድር ቤትና በጠባብ ጓዳ ተዘግተው፣ በሰንሰለት ታስረው፣ ራቁታቸውን ሆነው አገኘች። በ1843 ጽሕፈቷን ለግዛቱ ምክር ቤት አቀረበች። በዚያን ዘመን ሴት በምክር ቤት መናገሯ የተለመደ አልነበረምና፣ የዓይነ ስውራን አስተማሪ የነበረው ዶክቶር ሳሙኤል ሃው አቀረበላት። ስማቸው የተነካ ሹማምንት ሐሰት ነው እያሉ ከሰሷት። እርስዋ ግን ያየችውን ጽፋ ነበርና ቃሏ ጸና፤ በዉስተር ያለው የሕሙማን ቤት እንዲሰፋ ምክር ቤቱ ገንዘብ ፈቀደ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደች። በትሬንተን ከተማ በእርስዋ ድካም የተሠራው ሆስፒታል በ1848 ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሰሜን ካሮላይና ለምና የገንዘብ ብዛት ስለ ፈሩ እንቢ ሊሏት ሆነ። ባረፈችበት ቤት ግን የአንድ የምክር ቤት አባል ሚስት ታማ ነበረች፤ ዶሮቴያም በአልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ አስታመመቻት። ሴቲቱ ልትሞት በቀረበች ጊዜ ስለ ሕሙማኑ እንዲናገር ባሏን ለመነችው። እርሱም ሚስቱን ቀብሮ ተመለሰ፤ በምክር ቤቱም ቆሞ ተናገረ፤ ሕጉም ጸደቀ። እነሆ፣ ብዙ ክርክር ያልከፈተውን በር አንዲትን በሽተኛ ማስታመም ከፈተው።

ሁሉ ግን አልተሳካላትም። ለሕሙማን መርጃ የሚሆን ከ12,000,000 ኤከር የሚበልጥ የመንግሥት መሬት እንዲሰጥ ስድስት ዓመት ደከመች፤ በ1854 ሁለቱም የአገሩ ምክር ቤቶች ፈቀዱ። ፕሬዚዳንቱ ፍራንክሊን ፒርስ ግን ይህ የየግዛቱ ሥራ ነው ብሎ መለሰው። እርስዋም ታማና አዝና ወደ ኤውሮፓ ሄደች፤ ነገር ግን በዚያም አላረፈችም። በስኮትላንድ የሕሙማኑን ጉስቁልና አይታ ለእንግሊዝ መንግሥት አመለከተች፤ በ1855 መርማሪዎች ተሾሙ። በሮማም ፓፓ ፒዮስ 9ኛን አግኝታ በከተማቸው ስላሉት ሕሙማን ነገረቻቸው።

ድካሟንም አልሰውርብህም። ስለ ታሰሩት እብዶች እንዲያ የጮኸች ሴት በደቡብ ግዛቶች በባርነት ስለ ተያዙት ጥቁሮች ዝም አለች። ከ1861 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ያለ ደመወዝ የአስታማሚዎች አለቃ በሆነች ጊዜም ጠባይዋ እጅግ የጠነከረ ስለ ነበረ ከሐኪሞች ጋር ብዙ ተጣላች። በጎ የሚሠራ ሰውም ምሕረት የሚያሻው ሰው ነው።

በ1881 ሸምግላ ወደ ትሬንተን ሆስፒታል ገባች፤ በዚያም በተሰጣት ክፍል ኖራ በ1887 በሰማንያ አምስት ዓመቷ ሞተች። ለሌሎች ያሠራችው ቤት የእርስዋም መጠጊያ ሆነ። በዘመኗ መጨረሻ ግን ብዙዎቹ ቤቶች ከልክ በላይ ሞልተው ነበር፤ ሕሙማኑም ጠያቂ አጥተው ተረሱ። ስለዚህ ቤት መሥራት ብቻ አይበቃም፤ ገብቶ የሚጠይቅም ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ምክር ቤት አቁሙ አልላችሁም፤ ዶሮቴያ እንደ ጀመረች በአንድ ቀን ጀምሩ። በቤቱ የተደበቀ ወይም የታሰረ ሕመምተኛ ያለው ጎረቤት ቢኖርህ፣ ገብተህ ጠይቀው፤ ቤተ ሰቡንም ወደ ሐኪም እንዲያደርሱት እርዳቸው። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉምና። ወደ ሆስፒታል ብትሄድ ከጠባቂዎቹ ፈቃድ ተቀበል፤ ሕመምተኛውን በስሙ ጥራው፤ በንግግሩ አትሣቅ፤ የማትፈጽመውን ተስፋ አትስጠው፤ እመጣለሁ ባልህበትም ቀን ሳትቀር ና። መጀመሪያ ፊቱን ቢያዞርብህ አትዘን፤ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ቀርቶበታልና።

በአዲስ አበባ ለእነዚህ ሕሙማን የሚሆን የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። እኛ ግን ስሙን መሳለቂያ አድርገን፣ ከባልንጀራችን ጋር በተጣላን ጊዜ አማኑኤል ግባ እንለዋለን። የስሙን ትርጓሜ ታውቃለህ፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። እርሱ ከእነርሱ ጋር ከሆነ፣ እኛ በማዶ በኩል ስናልፍ ከማን ጋር ነን?