የልብን ሥራ የተረከበው መሣሪያ
የዶክተር ጆን ጊበን የሕይወት ታሪክ

የሰው ልጅ ልብ ለረዥም ዘመን የቀዶ ጥገና ሐኪም እጅ የማይደፍረው የአካል ክፍል ሆኖ ኖሯል። ልብ ካልቆመ ውስጡን ከፍቶ መጠገን ያስቸግራል፤ ከቆመ ደግሞ አንጎል ያለ ደም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ሊቆይ አይችልም። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከሃያ ዓመታት በላይ የደከሙት አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ጆን ሄይሻም ጊበን ናቸው።

ዶክተር ጊበን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው በጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ነበሩ። ወጣቱ ጊበን ግን ልባቸው ወደ ሥነ ጽሑፍ ያዘነበለ በመሆኑ፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በጀመሩበት ዓመት አቋርጠው ደራሲ ለመሆን አስበው ነበር። የጀመሩትን እንዲፈጽሙ አባታቸው ስለ መከሯቸው ቀጥለው በ1927 ተመረቁ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነችው በቦስተን ከተማ ያስታመሟት አንዲት በሽተኛ ናት። በ1930 እና በ1931 መካከል በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ኤድዋርድ ቸርችል ሥር ለምርምር ተመድበው ሳለ፣ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና የወጣላት ሴት የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ደም ቅዳዋን ዘጋው። ጊበን ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቧ ሳይለዩ የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን ሲለኩ አደሩ። ሲነጋ ሁኔታዋ ስለ ከፋ ፕሮፌሰሩ ደረቷን ከፍተው በስድስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ የረጋውን ደም አወጡ፤ ነገር ግን ሕይወቷ ሊተርፍ አልቻለም። ጊበን ያን ሌሊት ደሟ ሲጠቁር፣ ደም መልሶቿም ሲወጣጠሩ እያዩ፣ ይህን ደም ከአካሏ ውጭ አውጥቶ፣ ኦክሲጅን ሰጥቶ፣ ወደ ደም ቅዳዋ የሚመልስ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ትድን ነበር የሚል ሐሳብ አደረባቸው።

ሐሳቡን የሰሙት አብዛኞቹ ሐኪሞች የሚሳካ አልመሰላቸውም። ከጎናቸው ሳይለዩ የቆሙት በዚያው ቤተ ሙከራ የተዋወቋቸውና በ1931 ያገቧቸው ወይዘሮ ሜሪ ሆፕኪንሰን ናቸው። በ1934 ሁለቱ ተያይዘው ሥራውን ጀመሩ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በጥቂት ዶላር የአየር መንፊያ ገዙ፤ ለሙከራ የሚሆኑ ድመቶችንም ከቦስተን መንገዶች ይለቅሙ ነበር። ደሙ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጠኛ ገጽ ላይ በስሱ እየተዘረጋ ኦክሲጅን እንዲቀበል፣ እንዳይረጋም ሔፓሪን እንዲጨመርበት አደረጉ። በ1935 ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ተዘግቶ ሳለ መሣሪያው ብቻውን የአንዲትን ድመት ሕይወት ጠበቀ። ውጤቱም በ1937 ታተመ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርምሩን አቋረጠው፤ ዶክተር ጊበንም በጦር ሠራዊት ሕክምና አገለገሉ። በ1946 ወደ ጄፈርሰን ተመልሰው የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ሆኑ። የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ኃላፊ ቶማስ ዋትሰን መሐንዲሶችንና ገንዘብ ስለ ሰጧቸው፣ ለሰው አካል የሚበቃ መሣሪያ መሥራት ቻሉ።

በ1952 የመጀመሪያ በሽተኛቸው የሆነችው ሕፃን ሞተች፤ ሕመሟም አስቀድሞ ከተገመተው የተለየ ሆኖ ተገኘ። ሜይ 6 ቀን 1953 ግን በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ የነበረባትን የ18 ዓመት ልጃገረድ ልብ ከፍተው ሰፉ። ለ26 ደቂቃ የልብና የሳንባዋን ሥራ መሣሪያው ተረከበ፤ ልጅቱም ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በሐምሌ የታከሙ ሁለት የአምስት ዓመት ሕፃናት ሞቱባቸው። ዶክተር ጊበን ስማቸው በናኘበት በዚያ ወቅት ጉድለቱ ታውቆ እስኪታረም ድረስ ሥራው ለአንድ ዓመት እንዲቆም አደረጉ። እርሳቸው ራሳቸው ከዚያ በኋላ ወደ ልብ ቀዶ ጥገና አልተመለሱም። ያገኙትን ዕውቀት ግን አልደበቁም፤ የመሣሪያውን ንድፍ ለማዮ ክሊኒክ ሰጡ፤ በዚያም ዶክተር ጆን ከርክሊን አሻሽለው ከ1955 ጀምሮ በተከታታይ በሽተኞች ላይ ሠሩበት።

ዶክተር ጊበን በ1967 ከሥራ ጡረታ ወጡ፤ በ1968 የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው። በፌብሩዋሪ 1973 ቴኒስ ሲጫወቱ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ።

በልብ ቀዶ ጥገና ሙያ ለመሠማራት የሚነሣ ሐኪም ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው በአንዲት ሴት ሞት የተነሣ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ሃያ ዓመት መታገሥ ነው። ሁለተኛውና ምናልባትም የሚከብደው፣ የበሽተኛው ሕይወት ከሐኪሙ ክብር መቅደሙን አውቆ፣ በጊዜው ቢላዋን ማስቀመጥና የጀመሩትን ለሌላ እጅ ማስረከብ ነው።