የልጅ ኢያሱ ባልንጀሮችና አሳዳጊዎቹ

በጉለሌ ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው ኀዘን ልጄን ባልንጀሮቹ ወሰዱብኝ የሚለው ነው። ስለዚህ የልጅ ኢያሱን ታሪክ ልናስታውሳችሁ ወደድን።

ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል፥ እናቱ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ፤ እናቱ ግን ገና በሕፃንነቱ ሞቱበት። አያቱ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ፥ በ1901 ዓ.ም.፥ አልጋ ወራሽነቱን በአዋጅ አስነገሩ፤ ሕዝቡንም በግዝት አሰሩለት፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውንም ሞግዚት አድርገው ሰጡት። ብላቴናው የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በቦታቸውም ሌላ ሞግዚት አልተተካም። እንግዲህ አያቱ ታመው ተኝተው ነበር፤ የአባቱ መቀመጫም ሩቅ፥ ደሴ ነበረ። በ16 ዓመቱ ግባና ውጣ የሚለው ሰው አልነበረውም።

የዘመኑ ጸሐፊዎች ወጣቱ ሽማግሌዎቹን መኳንንት ትቶ ከእኩዮቹ ጋራ በጨዋታና በአደን እንደ ዋለ፥ የመንግሥቱንም ሥራ ቸል ብሎ ከአገር አገር እንደ ዞረ ጽፈዋል። ከጻፉት ብዙዎቹ በሻሩት ሰዎች ወገን ስለ ነበሩ ቃላቸውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ከእስላሞች ጋራ ወዳጅ ኾነ ብለውም ከሰሱት። ነገር ግን አባቱ ራስ ሚካኤል ራሳቸው እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ የወሎ እስላሞች የኢያሱ ሥጋ ዘመዶች ነበሩ። ወላጅ የባልንጀራውን ሥራ ሳይመረምር በወገኑ ብቻ ቢነቅፈው፥ ልጁ እውነተኛውንም ተግሣጽ እንደ ጥላቻ ይቈጥረዋል።

ደግሞስ ማን ይገሥጸው ነበር? መኳንንቱ ሹመታቸውን የሚጠብቁት ከእርሱ ነበር። አባቱም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ ዘውዱን የሰጣቸው ልጃቸው ነው። ከልጁ እጅ ዘውድ የተቀበለ አባት በየትኛው አፉ ይቈጣል? በሰፈራችንም የልጁን ደመወዝ እየተቀበለ የገንዘቡን እንጂ የማምሻውን ነገር የማይጠይቅ አባት አለ።

ስለዚህ ቅሬታው ለብቻው ሳይነገረው በጓዳ ሲከማች ኖረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ በሐረርጌ ሳለ መኳንንቱ ተሰብስበው ሻሩት፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከግዝቱ ፈቱ። ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ብዙ ሠራዊት ይዘው መጡ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ኾኑና ተማረኩ፤ ልጃቸውም አልደረሰላቸውም። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነው።

ኢያሱ ሸሽቶ ቈየ፤ በ1913 ዓ.ም. ተያዘ፤ በፍቼ፥ በኋላም በጋራ ሙለታ ታስሮ በ1928 ዓ.ም. ሞተ። አባቱ ከእርሱ አስቀድመው በእስር ሞተው ነበር።