የባሕር ጠላቂው የአየር ስንቅ፦ የዣክ ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ

መንገደኛ ስንቁን ሲቋጥር ለመሄጃው ብቻ አይደለም፤ ለመመለሻውና ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቢዘጋበት ለሚያድርባት ሌሊትም ጭምር ነው። ወደ ባሕር ጥልቅ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ስንቅ አየር ነው። ሰው ይህን ስንቅ በጀርባው ተሸክሞ እንደ ዓሣ በነፃ እንዲዋኝ ካስቻሉት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ስናቀርብ፣ በተለይ መጠባበቂያ አየር ስለ መያዝ ከሥራው የምንማረውን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ በ1910 በቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። በ1930 በብሬስት ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ነበር፤ ዳሩ ግን በ1936 የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ስለ ተሰበሩ ይህ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ክንዶቹ እንዲበረቱለት በሜዲትራኒያን ባሕር ይዋኝ ጀመር። በዚያው ዓመት ባልደረባው ፊሊፕ ታይዬ የውሃ መነጽር አውሶት ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ዓለም ተመለከተ፤ ከዚያም በኋላ ልቡ ከባሕር አልተለየም።

ትንፋሽን ይዞ መጥለቅ ግን የሚያቆየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩስቶ በመጀመሪያ ንጹሕ ኦክሲጅን በሚሰጥ መሣሪያ ሞከረ። ኦክሲጅን በውሃ ግፊት ሥር መርዝ ስለሚሆን ሁለት ጊዜ ሰውነቱን አንቀጥቅጦ ለሞት አቀረበው። ቀጥሎም ከላይ በፓምፕ አየር የሚላክበትን ቧንቧ ይዞ ወረደ። አንድ ቀን ቧንቧው ተበጠሰ፤ ፈጥኖ በመንቃቱ ብቻ ከሞት ተረፈ። ሕይወቱ በአንድ ቧንቧ ላይ ተንጠልጥላ ነበርና ያ ሲበጠስ ሌላ የሚተነፍሰው አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ በ1942 መጨረሻ በፓሪስ ከመሐንዲሱ ከኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናዎች በጋዝ ይነዱ ነበር፤ ጋኛንም ለዚሁ ጋዝ የሚሆን መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ይህን መቆጣጠሪያ ለጠላቂ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት። መሣሪያው ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር በተመጣጠነ ኃይል አየር ይሰጣል። በማርን ወንዝ ሲሞከር ጠላቂው አግድም ሲዋኝ ደህና ሠራ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ ይፈስ ነበር። የአየር መውጫውን ከመግቢያው ጎን በማድረግ ጉድለቱን አቃኑት። በ1943 በጋ ኩስቶ፣ ታይዬና ፍሬዴሪክ ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር በዚህ መሣሪያ ጠለቁ።

ሆኖም በጀርባ የተሸከሙት አየር ማለቂያ አለው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ አየር ግፊት ይጨመራል። እንግዲህ በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከወለሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ላይ ሆኖ ለ60 ደቂቃ የሚበቃ አየር እዚያ የሚበቃው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በ1950ዎቹ ብዙ ጠላቂዎች የቀራቸውን አየር የሚያነቡበት መለኪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሲሊንደሩ ላይ በሞላ የሚሠራ የመጠባበቂያ መዝጊያ ተበጀ። አየሩ ሲያንስ መተንፈስ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ጠላቂው ዘንጉን ስቦ የተቆለፈውን ቀሪ አየር ከፍቶ ይወጣል። ዘንጉ ሳይታወቅ አስቀድሞ ከተሳበ ግን መጠባበቂያው ከሌላው አየር ጋር አብሮ ያልቃል።

መጠባበቂያም ሁልጊዜ እንደማያድን ኩስቶ በ1946 አየ። ከዱማ ጋር ፎንቴን ደ ቮክሉዝ በሚባለው የዋሻ ምንጭ ውስጥ በወረደ ጊዜ ሁለቱም አእምሯቸው ደነዘዘ። የአየር ማነስ አልነበረም፤ አየሩን የሞላው መጭመቂያ የገዛ ሞተሩን ጭስ ስቦ ሲሊንደሮቹን በካርቦን ሞኖክሳይድ በክሏቸው ነበር። ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ትርፍ አየር ቢጨመርላቸው ኖሮ ያው መርዝ በሆነ ነበር። ያዳናቸው ላይ ሆኖ ገመድ የያዘው ጓደኛቸው ሞሪስ ፋርግ ነው፤ ገመዱን ጎትቶ አወጣቸው።

ይኸው ፋርግ በ1947 የጥልቀትን ወሰን ለመሞከር ወረደ። በ120 ሜትር ላይ በተንጠለጠለው ሰሌዳ ስሙን ጻፈ፤ ከዚያም ምልክቱ ተቋረጠ። ጓደኞቹ ጎትተው ሲያወጡት የመተንፈሻው አፍ ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ነፍሱንም ለመመለስ ቢደክሙ አልሆነላቸውም። በጥልቅ ውሃ ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራልና በጀርባው የነበረው መሣሪያ አልጠቀመውም። ኩስቶ ከዚህ ኀዘን በኋላ በተጨመቀ አየር የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 90 ሜትር ገደማ መሆኑን አመነ።

ኩስቶ ሥራውን አልተወም። ከ1950 ጀምሮ ካሊፕሶ በምትባለው መርከብ ባሕሮችን ዞረ፤ በ1956 ከሉዊ ማል ጋር የሠራው ፊልም በካን ትልቁን ሽልማት አገኘ። በ1963 በጎረቤታችን በሱዳን ዳርቻ፣ በቀይ ባሕር ውስጥ በ10 ሜትር ጥልቀት ባሠራው ቤት ሰዎች አንድ ወር ኖሩ። በ1979 ልጁ ፊሊፕ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት። በስተኋላ ዘመኑ ባሕር እንዳይበከል ሲከራከር ኖሮ በ1997 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ።

ዛሬ ጠላቂዎች የአየር መለኪያ፣ ለጓደኛ የሚያካፍሉት ሁለተኛ የአፍ መተንፈሻ፣ አንዳንዶቹም የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ ሲሊንደር ይይዛሉ። ወደ ዋሻ የሚገቡት ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመውጫ፣ የቀረውን ለችግር ቀን ይመድባሉ። ወደፊት በባሕር፣ በማዕድን ጉድጓድ ወይም በፋብሪካ የምንሠራ ሁሉ መጠባበቂያ ስናዘጋጅ፣ ከዋናው ጋር በአንድ ምክንያት አብሮ የሚበላሽ አለመሆኑን አስቀድመን እንመርምር፤ ገመዱንም የሚይዝልን ጓደኛ ይኑረን።