ፍሊትውድ ዎከርና የ1884ቱ የቤዝቦል ውድድር ዘመን

በአሜሪካ ቤዝቦል የዘር ልዩነትን አጥር ያፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን ስለመሆኑ በሰፊው ይነገራል። ይሁንና ሮቢንሰን እ.ኤ.አ በ1947 ወደ ሜዳ ከመግባቱ 63 ዓመታት አስቀድሞ፣ የኦሃዮ ተወላጅ የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር ከዋነኞቹ ሊጎች በአንዱ ተሰልፏል።

በኦበርሊን ኮሌጅና በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ዎከር በ1884 ለቶሌዶ ቡድን 42 ጨዋታዎችን አድርጓል። ሥራው ከመቺው ጀርባ ሆኖ የሚወረወረውን ኳስ መያዝ ሲሆን፣ ዘመኑም የዛሬው ወፍራም ጓንት ያልነበረበት ነው። የቡድኑ ወርዋሪ ቶኒ ሙላን ከጥቁር ምልክት ላለመቀበል ሲል እንዳሻው ይወረውር ስለነበር፣ ዎከር ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ ሳያውቅ መያዝ ግድ ሆኖበታል። ሙላን ከዓመታት በኋላ ድርጊቱን አምኗል። አብረውት ከሠሩት ያዦች ሁሉ ዎከር የላቀ እንደነበረም መስክሯል።

በዚያው ዓመት ዎከር ሪችመንድ ላይ ከተሰለፈ 75 ሰዎች ጥቃት እንደሚያደርሱበት የሚዝት ደብዳቤ ለቡድኑ ኃላፊ ደርሷል። ጉዳት የደረሰበት ዎከር ግን ወደዚያ ሳይጓዝ ተሰናበተ።

አጥሩ የተተከለው በአዋጅ አልነበረም። በሐምሌ 1887 ዎከር ይጫወትበት የነበረው የኢንተርናሽናል ሊግ አመራር፣ የሊጉ ጸሐፊ ከጥቁር ተጫዋቾች ጋር የሚደረጉ አዳዲስ ውሎችን እንዳያጸድቅ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። የቀደሙት ውሎች አልተሻሩም፤ ዎከርም እስከ 1889 በሊጉ ቆይቷል።

በ1924 ያረፈው ዎከር መቃብሩ ላይ የስሙ ድንጋይ የቆመለት በ1990 ነው።