ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከሐረር እስከ ኦክላሆማ

የሐረር ልጅ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እንደኛው ለትምህርት ከአገር ወጥቶ ኮሎኝ፣ ጀርመን ሥዕል ተማረ፤ ሲጨርስም እዚያው በአንድ ጋለሪ ሥራዎቹን ለብቻው አሳየ።

ከባዱ ፈተና የጠበቀው ግን አገር ቤት ነበር። በ1963 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ፣ የቅዱሳንን መልክ ማየት የለመደ ዓይን ቀለምና ቅርጽ ብቻ ተደቅኖበት ግራ ተጋባ። ይህም ሥዕል ነው ወይ ተብሎ ብዙ ተከራከሩበት። እሱ መንገዱን አልቀየረም፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ መሳሉን ቀጠለ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ (ተከራካሪዎቹ ምን አሉ ይሆን?)።

በደርግ ዘመን ተሰደደ። በ1981 ሎውተን፣ ኦክላሆማ ሲያርፍ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ዛሬ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አሉ። ለክረምት አገር ቤት የምትገቡ፣ ሳታዩ እንዳትመለሱ።