አጥንትን ያለሰለሰ ድስት፦ የዴኒስ ፓፒን ሕይወት

ዓለም ከተማ፦ በመርሐቤቴ ደጋ የተጣደ ባቄላ በቶሎ አይበስልም። ጥፋቱ የባቄላውም የባለሙያዋም አይደለም፤ የከፍታው ነው። ዓለም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውኃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ሲወጣ ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። የፈላ ውኃ፣ ማገዶ ቢጨመርበትም ተንኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህን አጥር የሰበረው፣ ከ300 ዓመታት በፊት የኖረ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው።

ዴኒስ ፓፒን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1647 በፈረንሳይ፣ በብሉዋ ከተማ አቅራቢያ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ተወለደ። በአንዤ ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1669 ተመረቀ፤ ልቡ ግን ከሕሙማን ይልቅ ወደ መሣሪያ ያደላ ነበር። በፓሪስ የታላቁ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ ረዳት ሆነ። በ1675 ወደ ለንደን ተሻግሮ ከሮበርት ቦይል ጋር አየር በሚመጥጥ ፓምፕ ላይ ሠራ። አየር ሲሳሳ ምን እንደሚሆን ሲመረምር የቆየ ሰው፣ አየርና እንፋሎት ሲታፈኑስ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቁ አያስገርምም።

መልሱ በ1679 ድስት ሆኖ መጣ። ወፍራም የብረት ዕቃ ነው፤ ክዳኑ በብሎን ይጠብቃል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውኃውን ይጫነዋል፤ የተጫነ ውኃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም፤ ስለዚህ ከተለመደው የመፍያ ልክ አልፎ ይሞቃል። የፓፒን ዓላማ የሚጣል አጥንትን አለስልሶ ለድኃ መብል ማድረግ ነበር። ሙቀቱን የሚለካበት ዘዴም የጓዳ ብልሃት ይመስላል፦ ክዳኑ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ያኖርና ተንና እስክታልቅ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል።

ነገር ግን የታፈነ እንፋሎት አደገኛ ነው። ፓፒን በክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አበጀ፤ ቀዳዳውን በውታፍ ደፈነ፤ ውታፉንም ክብደት በተንጠለጠለበት ዘንግ ተጫነው። ግፊቱ ከክብደቱ ሲበልጥ ውታፉ ይነሣል፣ እንፋሎቱም ይተነፍሳል። ዛሬ ፕሬዠር ኩከር በሚባለው ድስት ክዳን ላይ የሚያፏጨው ክብደት የዚህ ዘንግ የልጅ ልጅ ነው። ከድስቱ ይልቅ ይህች ማስተንፈሻ የበለጠ ሥራ ሠርታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በኋላ የመጡት የእንፋሎት ሞተሮች ሁሉ ያለ እርሷ ቦምብ በሆኑ ነበር።

በ1682 የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ አባላት በዚህ ድስት የተሠራ እራት ቀረበላቸው። ከተጋባዦቹ አንዱ ጆን ኤቭሊን በዕለት ማስታወሻው እንዳሰፈረው የበሬና የበግ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ ነበር፤ የነደደውም ከሩብ ኪሎ ያነሰ ከሰል ብቻ ነው። ማገዶ በራቀበት አገር ለሚኖር ሰው ከአጥንቱ ይልቅ ይህ የከሰሉ ነገር ያስደንቃል።

የድስቱ ሕግ ከፓፒን ዘመን ወዲህ አልተለወጠም። ባቄላና ሽምብራ አድሮ የተነከረ ቢሆን ይመረጣል። ድስቱ ከሦስት እጁ ሁለቱን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞላም፤ አረፋ ለሚያነሡት ለክክ፣ ለምስርና ለገብስ ግን ግማሹ ይበቃል፤ አረፋውና ገለባው ማስተንፈሻውን ይደፍናሉና። ስለዚህ ቀዳዳው ከመጣዱ በፊት ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል፤ የተሰነጠቀ የክዳን ጎማም ይለወጣል። ያለ ውኃ አይጣድም። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱ ይቀነሳል፤ በጉልቻ ላይ ከሆነ ነበልባሉ ወደ እጀታው እንዳይወጣ ማገዶው ይሳባል። ከሁሉም በላይ፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ግፊቱ ራሱ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑ በጉልበት አይከፈትም። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። በደጋ ደግሞ የድስቱ ውስጥ ሙቀት ከቆላው ጥቂት ዝቅ ስለሚል ከድስቱ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ትንሽ መጨመር ያሻል።

ድስቱ ለፓፒን ራሱ እንጀራ አልሆነውም። በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ለፕሮቴስታንቶች የተሰጠውን መብት ሲሽር የአገሩ በር ተዘጋበት። በጀርመን በማርቡርግ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1690 እንፋሎት ፒስተንን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ጽፎ አሳየ። የማስተንፈሻው ውታፍ እየተነሣ ሲወርድ ያየ ሰው ሐሳብ ነው። በ1707 በመቅዘፊያ ጎማ በምትሄድ ጀልባ ቤተሰቡን ጭኖ ከካሰል ተነሣ፤ ጀልባዋ በእንፋሎት ትሄድ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሞተሩ ግን ገና አልተገጠመላትም ነበር። ወንዙን እንደ ርስት የያዙት የሙንደን ጀልበኞች ይዘው ሰባበሯት።

ለንደን ሲደርስ የሚያውቁት ሊቃውንት አብዛኞቹ አልፈው ነበር። ለእንፋሎት ሞተሩ ከሮያል ሶሳይቲ የጠየቀው ጥቂት ገንዘብም ተከለከለ። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ በፒስተን የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ለማዕድን ጉድጓድ ተከለ፤ ፓፒን ያን ጊዜ በዚያው አገር በድህነት ይኖር ነበር። የት እንደሞተ ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በነሐሴ 1713 መቀበሩ በለንደን ቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ተገኘ።