ከሥልጣን ወርደው የሠሩ ሰው

ሹመት የሌለው ሰው ለሕዝብ የሚረባ ሥራ ሊሠራ አይችልም ሲባል በመካከላችን ዘወትር እንሰማለን። የፐርሲቫል ባክስተርን ሕይወት ስንመረምር ግን ይህ ስሕተት መሆኑን እንረዳለን።

ባክስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜይን ግዛት፣ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1920 ከፍታው 1,605 ሜትር የሆነውን የካታዲንን ተራራ ወጡና ባዩት ነገር ልባቸው ተነካ። ከ1921 እስከ 1925 የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሳሉ ተራራው ከነደኑ የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ምክር ቤቱን ጠየቁ፤ ምክር ቤቱ ግን እንቢ አለ። መሬቱም በእንጨትና በወረቀት ኩባንያዎች እጅ ነበር።

ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ፣ በ1930 በገዛ ገንዘባቸው 60 ጋሻ ያህል መሬት ገዙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ለግዛቲቱ አበረከቱ። ከዚያ እስከ 1962 ድረስ በየጊዜው እየገዙ ስጦታውን 2,000 ጋሻ ያህል አደረሱት። የስጦታው ውል መሬቱ ለዘላለም ዱር ሆኖ እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ ዛሬም በዚያ ድንኳን የሚተክል መንገደኛ የኤሌክትሪክ መብራት አያገኝም፤ ውሃውን ከወንዝ ይቀዳል፤ የዱር አራዊት እንዳይረበሹም ውሻ ይዞ አይገባም። እኒያ ሰው ግን አገረ ገዥ ሳሉ ውሻቸው ቢሞት የመንግሥቱን ባንዲራ ዝቅ ያስደረጉ ነበሩ!

በ1969 ሲያርፉ አስከሬናቸው ተቃጥሎ ዐመዱ በመናፈሻው ውስጥ ተበተነ።

እንግዲህ ነገ ሹመት የምንጠብቅ እኛ ተማሪዎች፣ ሹመቱ ቢቀርብን ምን ልንሠራ አስበናል?